ባለቤቱ ቁጥር ብቻ የሆነ ማኅደር

፩

የኮምፒዩተር ነገር ወደ አማርኛ ሲገባ ከተፈጠሩት ቃላት መካከል «የይለፍ ቃል» የሚለውን ያህል ብዙ ታሪክ የተሸከመ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ይለፍ ምን ማለት እንደሆነ በደርግ ዘመን የኖረ ሰው አይጠይቅም። ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሻገር ከቀበሌ ወረቀት የለመነ፣ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ ያንን ወረቀት የዘረጋ፣ በሰዓት እላፊ ለታመመ ልጁ ሐኪም ፍለጋ መውጣት የፈራ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ ለኮምፒዩተር ሲውል ያለ ችግር የገጠመው ነገሩ አንድ በመሆኑ ይመስለኛል። በሁለቱም ዘንድ በር አለ፤ በሩ ላይ ዘበኛ አለ፤ ዘበኛውም የሚመረምረው የመጣውን ሰው ፊት ሳይሆን በእጁ የያዘውን ምልክት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ከይለፉ ቃል ቀጥሎ ስለሚመጣው ሁለተኛ በር ነው። ኮምፒዩተሩ ውስጥ ከተገባ በኋላ እያንዳንዱ ፋይልና ፋይሎችን የሚይዘው እያንዳንዱ ማኅደር የየራሱ ፈቃድ አለው፤ ማን ያንብበው፣ ማን ይጻፍበት፣ ማን በውስጡ ይለፍ የሚል። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች ላይ ይህን ፈቃድ ለመለወጥ የምትከፈት አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። መስኮቷ ባለቤት፣ ቡድን፣ ሌሎች የሚሉ ሦስት መደቦች አሏት። ብዙ ሰው በዚህች መስኮት ፊት ተቀምጦ ተበሳጭቷል፤ እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ። ነገሩ ተራ የቴክኒክ ጣጣ ይመስላል። ይሁን እንጂ የስደተኛው ኅብረተሰባችን ቃለ ጉባኤ፣ የእድር መዝገብ፣ የሠርግና የቀብር ፎቶግራፍ፣ የጥገኝነት ማመልከቻ ሁሉ ዛሬ የሚኖረው በእንዲህ ያሉ ማኅደሮች ውስጥ በመሆኑ፣ የመስኮቷን ታሪክ ማወቅ የራሳችንን ነገር ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

፪

ለጽሑፍ ፈቃድ ማበጀት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በብራና መጻሕፍቶቻችን መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ፣ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ተጽፎ ይገኛል። ይህ ግዝት ሁለት ድርጊቶችን ለይቶ ያውቃል። ሰራቂው መጽሐፉን እንዳለ ከቦታው ያነሣዋል። ፋቂው ግን መጽሐፉን በቦታው ትቶ ቃሉን በምላጭ ያጠፋል፤ ባጠፋውም ፋንታ ሌላ ስም ሊያገባ ይችላል። በማንበብ ላይ ግን ግዝት የለም። አንባቢ እንዲያውም ጸሐፊውንና አጽሐፊውን በጸሎቱ እንዲያስብ ይለመናል። እንግዲህ ማንበብን፣ መለወጥንና ማስወገድን በየፊናቸው ለይቶ መደንገግ ከኮምፒዩተር ብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል።

«ማኅደር» የሚለው ቃልም ራሱ የዚያው ዓለም ነው። መጽሐፉ የሚገባበት፣ ከግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ ማደሪያ ነው። ማኅደሮቹ የሚቀመጡት በዕቃ ቤት ነው፤ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቄሰ ገበዙ ነው። በአንዳንድ ደብሮች ቁልፉ ከአንድ በላይ ሆኖ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይቀመጣል፤ ሁሉም ካልተገኙ በሩ አይከፈትም። የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌለ ወርቅ ላይ ይመዘገብ የነበረውም ለውበት ሲባል አልነበረም። በዚያ መጽሐፍ ላይ ማንም እንዳሻው ስለማይጽፍበት፣ የተጻፈበት ነገር ለሙግት ማስረጃ ይሆናል። በቤተ መንግሥትም ማኅተሙን የሚይዘው ጸሐፌ ትእዛዙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ይህ ሥራ የጽሕፈት ሚኒስቴር ሆነ።

ግዝቱም ቁልፉም ከጉልበት አላዳኑም። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲሰብር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት መካከል ከሦስት መቶ በላይ የሚሆኑት ለንደን ገቡ፤ ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነገር ተደረገ። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም እየተነሡ ቅጂያቸው ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ተላከ፤ ወደ 9,000 የሚሆኑ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተቀዱ። ካታሎጉን በመሥራት ዕድሜያቸውን የሰጡት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 ከደርግ ጥይት ተርፈው በተሽከርካሪ ወንበር የተሰደዱ ሊቅ ነበሩ፤ በ2021 አረፉ። መጽሐፉ በደብሩ ቀረ፤ ንባቡ ግን ወጣ። ይህን በኮምፒዩተሩ ቋንቋ ብናስቀምጠው፣ ለሌሎች ማንበብ ተፈቀደ፣ መጻፍና ማንሣት አልተፈቀደም ማለት ነው።

፫

ወደ ኮምፒዩተሩ ታሪክ ልመለስ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ለብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚያካፍል ሥርዓት ተሠራ። ሰዎች አንድ ማሽን ከተጋሩ ዘንድ የአንዱን ሥራ ከሌላው መለየት ግድ ስለነበር የይለፍ ቃል ገባ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1962፣ አለን ሸር የተባለ ተመራማሪ ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት ስላልበቃው የሁሉንም ሰው የይለፍ ቃል የያዘውን ፋይል አሳትሞ ወሰደ። በሩ በተሠራ ማግሥት ቁልፉ ተቀዳ ማለት ነው።

የዚያ ሥርዓት ተከታይ መልቲክስ ይባል ነበር። ተቋሙ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና የቤል ላቦራቶሪ በጋራ ጀመሩት፤ ለእያንዳንዱ ፋይል ማን ምን እንደሚችል በስም የሚዘረዝር ረቂቅ የፈቃድ መዝገብም ነበረው። ቤል በ1969 ከሥራው ወጣ። ከወጡት መካከል ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ በአንዲት አሮጌና ትንሽ ማሽን ላይ ቀለል ያለ ሥርዓት ሠሩ፤ ዩኒክስ የሚባለው እርሱ ነው። ኖቬምበር 3 ቀን 1971 በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ፈቃድን የሚለውጠው ትእዛዝ፣ «ቸሞድ» ተብሎ የሚጠራው፣ በዚያን ጊዜ ተመዝግቦ ይገኛል። መጀመሪያ የሚያውቀው ባለቤትንና ባለቤት ያልሆነን ብቻ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በመካከላቸው ቡድን ተጨመረ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ለባለቤት፣ ለቡድንና ለሌሎች፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ማንበብ ይችላል? መጻፍ ይችላል? ማስኬድ ይችላል? ሦስት ጊዜ ሦስት ዘጠኝ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ አዎን ወይም የለም። ለማንበብ 4፣ ለመጻፍ 2፣ ለማስኬድ 1 እየተሰጠ ይደመራል። ስለዚህ 755 ማለት ባለቤቱ ሁሉን ይችላል፣ ሌሎቹ ያነባሉ ያልፋሉም እንጂ አይጽፉም ማለት ነው። ሦስተኛው ቃል በእንግሊዝኛ አንድን ሥራ መፈጸምንም ሰውን በሞት መቅጣትንም ይይዛል። «ነፃ እርምጃ» የሚለውን ሐረግ ከሬዲዮ የሰማ ትውልድ ይህን ቃል ሲተረጉም እጁ ቢከብደው አይፈረድበትም። «ማስኬድ» የተሻለ ነው፤ ለማኅደር ሲሆን ደግሞ «ማለፍ» ማለቱ ትክክለኛው ነው፤ ምክንያቱን እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በላይ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ አንድ ተጠቃሚ አለ። እንግሊዝኛው «ሥር» ይለዋል። ለዜሮ ዘጠኙ ጥያቄዎች አይቀርቡም፤ ሁሉን ያነባል፣ ሁሉን ይጽፋል፣ የማንንም ባለቤትነት ለማንም ያዛውራል። ንጉሠ ነገሥቱንም ሊቀ መንበሩንም ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም።

ሁለት ግጥምጥሞሾችን ላንሣ፤ ግጥምጥሞሽ መሆናቸውንም አልረሳም። ዩኒክስን ለዓለም ያስተዋወቀው የቶምፕሰንና የሪቺ ጽሑፍ የታተመው በጁላይ 1974 ነው፤ ደርግ በአዲስ አበባ መኳንንቱንና ሚኒስትሮቹን በተራ በሚያስርበት ወር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው የፊንላንድ ተማሪ የራሱን ሥርዓት እየሠራ መሆኑን ያስታወቀው ደግሞ ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሦስተኛው ወር። በመካከሉ፣ በ1983፣ ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ነፃ ሶፍትዌር የመሥራት ዘመቻውን አውጇል። ስቶልማን የመጣበት ቤተ ሙከራ ፋይልን ከባልደረባ መከልከልን እንደ ነውር የሚያይ፣ ሥርዓቱንም ሆን ብሎ ያለ መከላከያ የሠራ ቤት ነበር። ከዚህ መንፈስ የተወለደው ሊኑክስ ግን የዩኒክስን የፈቃድ ሕግ ወረሰ። የአሠራሩ ምሥጢር ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖ፣ በየማሽኑ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ማኅደር ዘበኛ ቆሞበታል።

፬

አትላንታ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዳር ላይ የቆመች ከተማ አይደለችም። ዛሬ ኢንተርኔት የሚሄድበትን የመስታወት ክር የቤል ሰዎች በ1976 የፈተኑት እዚህ ነው። ኮምፒዩተርን ከስልክ መስመር ጋር በማገናኘት ስሙ የገነነው የዴኒስ ሄይዝ ኩባንያ፣ ስማርትሞደም የተባለውን ዕቃ በ1981 ያወጣው፣ የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። በ1984 ታላቁ የስልክ ኩባንያ በሕግ ሲከፋፈል ከሰባቱ ልጆች አንዱ ቤልሳውዝ መቀመጫውን ያደረገው እዚህ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ የከተማዋ የሊኑክስ ወዳጆች ማኅበር በየዓመቱ የሚያዘጋጀው ጉባኤ ከመላው ዓለም ሰው ይጠራ ነበር፤ የኦክቶበር 2000ው ጉባኤ እዚሁ ተደርጎ በተከታዩ ዓመት ወደ ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ተዛወረ።

የእኛ ሰው በብዛት የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ የመልሶ ማቋቋም ድርጅቶች ክላርክስተንን መረጡ፤ ከሱዳንና ከሌሎችም መጠለያዎች የተነሡ ወገኖቻችን በዲካልብ አውራጃ አፓርታማዎች ሰፈሩ። በ1996 ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሥር ሺውን ሲያሸንፉ ባንዲራ ይዘው የወጡት እነዚሁ ናቸው። ታክሲ የነዱ፣ መኪና ማቆሚያ የጠበቁ፣ ማታ ማታ ኮሌጅ የተማሩ፤ ከነዚህም አንዳንዱ ኮምፒዩተር ፈታቶ መግጠም የቻለ። ቢሮዎች የሚጥሏቸውን አሮጌ ማሽኖች ሰብስቦ ያለ ክፍያ በሚገኘው ሊኑክስ ማስነሣት ለማኅበር አዳራሽም ለቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤትም የሚመች ብልሃት ነበር። ከኦክቶበር 2004 ጀምሮ ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያስጀመረው ኡቡንቱ ነገሩን ይበልጥ አቀለለው፤ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር።

ፊደላችንም በዚህ በኩል ቶሎ በር አግኝቷል። ግዕዝ በዓለም አቀፉ የፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ሆሄ የሚወክል ወጥ ሥርዓት አበጅተው ነበር፤ ዳንኤል ያዕቆብ በግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን በኩል ለሊኑክስ የአማርኛ መሠረት በመጣልም ደክሟል። ማይክሮሶፍት የግዕዝ ፊደልን በዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ያቀረበው በቪስታ ነው፤ ቪስታም ለሕዝብ የቀረበው በ2007 መጀመሪያ ነው። ለቋንቋው ግድ ያለው ሰው ወደ ሊኑክስ ያዘነበለው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ አልነበረም።

ይህን ሰው ከፋይሎቹ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ናውቲለስ ይባል ነበር። ኢዜል የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሠራው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ የመጀመሪያውን ማኪንቶሽ ከሠሩት መካከል የነበረው አንዲ ኸርትስፌልድ ነው። በማርች 2001 የመጀመሪያው እትም ወጣ፤ በሁለት ወሩ ኩባንያው ተዘጋ። ፕሮግራሙ ግን ነፃ ስለነበር ሌሎች ተቀብለው አቆዩት፤ በ2012 ስሙ በእንግሊዝኛ «ፋይሎች» ወደሚል ተቀየረ። የማኅደሩ ፈቃድ የሚለወጥባት ያቺ ትንሽ መስኮት ያለችው በዚህ ውስጥ ነው።

፭

መስኮቷ በመጀመሪያ ዘጠኝ ትናንሽ ሣጥኖችን በግልጽ ታሳይ ነበር። ለጀማሪ ታስፈራለች፤ ግን አትዋሽም። በ2000ዎቹ አጋማሽ ሣጥኖቹ ተነሥተው በምርጫ ዝርዝር ተተኩ። ለማኅደር የሚሰጡት ምርጫዎች «ምንም»፣ «የፋይሎችን ስም ማየት ብቻ»፣ «ፋይሎችን መጠቀም»፣ «መፍጠርና ማጥፋት» የሚሉ ሆኑ። የታሰበው ለሰው እንዲቀል ነው። ውጤቱ ግን ሕጉ ከሥር እንዳለ ሆኖ ከዓይን መሰወሩ ነው።

አንደኛው ግራ መጋባት ማለፍ የሚባለው ነው። ማኅደርን ማንበብ ማለት በውስጡ ያሉትን ስሞች ማየት ነው እንጂ ወደ ውስጥ መግባት አይደለም። ለመግባት የማለፍ ፈቃድ ያስፈልጋል። ማንበብ ኖሮ ማለፍ ከሌለ ስሞቹ ይታያሉ፣ አንዱም አይከፈትም። ማለፍ ኖሮ ማንበብ ከሌለ ደግሞ የፋይሉን ስም አስቀድሞ የሚያውቅ ብቻ ይደርስበታል፤ በጨለማ ቤት ውስጥ ዕቃው የት እንዳለ እንደሚያውቅ ሰው።

ሁለተኛው ይበልጥ ያስደነግጣል። ፋይልን ማጥፋት የሚወሰነው በፋይሉ ፈቃድ አይደለም፤ በያዘው ማኅደር ፈቃድ ነው። አንድ ሰው ፋይሉን «ለማንበብ ብቻ» ብሎ ቆልፎ፣ ማኅደሩን ግን ለሁሉ ክፍት ቢተወው፣ ሌላው አንዲት ፊደል መለወጥ ሳይችል ፋይሉን እንዳለ ሊያስወግደው ይችላል። ግዝት ጸሐፊዎቻችን ሰራቂን ከፋቂ ለይተው ያወገዙት በከንቱ አልነበረም። መፋቅ የሚፈልገው መጽሐፉን ነው፤ መስረቅ የሚፈልገው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ነው።

ሦስተኛ፣ የትልቁን ማኅደር ፈቃድ መለወጥ በውስጡ ያሉትን አይነካም። ለዚያ ሌላ አዝራር አለ፤ የማያውቀው ሰው ከላይ ፈቅዶ ከታች እንደተከለከለ ይቀራል። አራተኛ፣ ከዊንዶውስ ጋር በምንጋራቸው ትናንሽ ፍላሾች ላይ በብዛት ያለው የአቀማመጥ ሥርዓት ባለቤት የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ምርጫውን ሲለውጡት ያለ ምንም ማብራሪያ ወደነበረበት ይመለሳል። ሰው ደግሞ ይለውጠዋል፤ ደግሞ ይመለሳል።

አምስተኛው የዜሮ ጣጣ ነው። ባለቤት ላልሆነ ሰው መስኮቷ ባለቤት ስላልሆኑ መለወጥ አይችሉም ብላ ምርጫዎቹን ታደበዝዛለች። ትዕግሥት ያለቀበት ሰው ታዲያ የፋይል ፕሮግራሙን እንዳለ በዜሮ ሥልጣን ያስነሣዋል። ይሠራል። ግን በዚያ ሥልጣን የተፈጠረው ሁሉ የዜሮ ንብረት ይሆናል፤ በማግሥቱ የራሱ የቤት ማኅደር እራሱን ይከለክለዋል። በዚህ ምክንያት ዶልፊን የተባለው ሌላው የፋይል ፕሮግራም በ2017 በዜሮ ሥልጣን መነሣትን እስከ መከልከል ደርሶ ነበር፤ ኡቡንቱም ለዚህ ያገለግል የነበረውን መሣሪያ በ2018 አስወገደ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የሚሸሸው ወደ 777 ነው፤ ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር እንዲያደርግ ወደ መፍቀድ። ቁልፍ ሲያስቸግር በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ነው።

፮

ይህ ሁሉ ምን እንደሚያስከትል አንድ ነገር ላውጋ። በዚሁ በአትላንታ የአንድ መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ የነበሩ ሰው ለብዙ ዓመታት የማኅበሩን ሰነድ በቤታቸው ባለ የኡቡንቱ ኮምፒዩተር ያስቀምጡ ነበር። ሲያርፉ ማሽኑ አልነሣ አለ። ቤተሰቡ ዲስኩን አውጥቶ አንድ የጥገና ሱቅ ወሰደው። የሱቁ ሰው ከዊንዶውስ ጋር አገናኝቶ፣ ዲስኩ ባዶ ነው፣ እንደ አዲስ ይስተካከል አላቸው። ዊንዶውስ የሊኑክስን ዲስክ ሲያይ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የማያነበውን ባዶ ይለዋል። ባለቤታቸው እሺ ሳይሉ ይዘውት ተመለሱ፤ ወደ እኔም መጣ።

መጀመሪያ ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ቀዳሁት። ከዚያ ቅጂውን ከማሽኔ ጋር አገናኝቼ ስከፍት ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። ሊኑክስ በዲስክ ላይ የሚጽፈው የባለቤቱን ስም አይደለም፤ ቁጥሩን ነው። ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያዛምደው ዝርዝር በማሽኑ ውስጥ ይቀራል። ኡቡንቱ ለመጀመሪያው ተጠቃሚ የሚሰጠው ቁጥር 1000 ነው። ሟቹ በማሽናቸው ላይ 1000 ነበሩ፤ እኔም በማሽኔ ላይ 1000 ነኝ። ስለዚህ የግል ደብዳቤዎቻቸው፣ ለእኅታቸው የጻፉት፣ ስለ በሽታቸው የመዘገቡት፣ ሁሉ የእኔ ንብረት ሆኖ ተከፈተ። መስኮቷ ባለቤት ብላ የጻፈችው የእኔን ስም ነው። የማኅበሩ ማኅደር ግን በሁለተኛ ተጠቃሚ ስም ተለይቶ ለሌሎች የተዘጋ ነበር። የሕዝብ የነበረው ተቆልፎ፣ የግል የነበረው ክፍት ሆነ። በማኅበሩ ማኅደር ላይ ባለቤት በሚለው ፊት ለፊት የቆመው 1001 የሚል ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም የለውም።

ቁጥሩን አይቼ ዝም ብዬ ቆየሁ። ስማችን በየቢሮው በስሕተት ተጽፎ፣ ፋይላችን በቁጥር እየተጠራ የኖርን ሰዎች ነንና።

ባለቤትነትን የሚያዛውረው ትእዛዝ አንድ መስመር ነው፤ ለመፈጸም ከአንድ ሴኮንድ በላይ አይፈጅም። የዜሮን ሥልጣን ይዞ መግባት እችል ነበር፤ ማሽኑም አይጠይቀኝም። ነገር ግን የማኅደሩ ስሞች ከውጭ በወረቀት ላይ ተዘርዝረው ስለነበር በውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ቃለ ጉባኤና የመዋጮ መዝገብ አለ፤ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ ማን ምን ያህል እንዳወጣ። ማኅበሩ ለጥገኝነት ጠያቂዎች የጻፈው የድጋፍ ደብዳቤና የጠያቂዎቹ የምስክርነት ቃልም አለ። አንድ ሰው በእስር ቤት የደረሰበትን ለዳኛ ብሎ የተናገረውን፣ ለጎረቤቱ ያልተናገረውን፣ እኔ ለማንበብ የማን ፈቃድ አለኝ? ማሽኑ ለዚህ ጥያቄ ሣጥን የለውም።

ስለዚህ ከባለቤታቸውና በሕይወት ካሉት ሁለት መሥራች አባላት ጋር ተቀመጥን። ቃለ ጉባኤውና መዝገቡ ለአባላት ሁሉ ለንባብ እንዲከፈት፣ የመጻፍ ፈቃድ ግን ለማንም እንዳይሰጥ ተስማማን፤ ያለፈ ቃለ ጉባኤ አይታረምምና። የምስክርነት ቃሎቹ ለየባለቤቶቻቸው እንዲመለሱ፣ ባለቤታቸው ያልተገኘው እንደተዘጋ እንዲቆይ ተወሰነ። የግል ደብዳቤዎቹን ሳላነብ ለባለቤታቸው ቀድቼ ሰጥቼ ከእኔ ዘንድ አጠፋሁ። ትእዛዙን የጻፍኩት ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሦስቱ ከፈረሙበት በኋላ ነው።

፯

አንዳንድ ሰው ይህን ያህል ጥንቃቄ ለምን ይላል። መልሱን ከራሳችን የቅርብ ታሪክ ማግኘት ይቻላል። በሜሪላንድ የሚኖር፣ ለደኅንነቱ ሲል ክዳኔ በሚል የብዕር ስም የተጠራ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኮምፒዩተሩ በስለላ ፕሮግራም ተይዞ ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ጥሪዎቹና ጽሑፎቹ ሲቀዱ እንደነበር ገልጾ በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። ፕሮግራሙ የገባው ከሰነድ ጋር ተያይዞ በመጣ ኢሜይል ነው። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017 ባዕድ መንግሥትን በዚህ መክሰስ አይቻልም ብሎ መዝገቡን ዘጋው። የፋይል ፈቃድ እንዲህ ካለው ጥቃት አያድንም፤ ባለቤቱ ራሱ ከፍቶ ያስገባው ፕሮግራም በባለቤቱ ሥልጣን ያነባልና። ነገር ግን በማኅደራችን ያለውን የሚፈልግ ኃይል እንዳለ ያረጋግጣል።

በሌላ በኩል ለዓመታት ሳናውቀው የኖርንበት ክፍተትም አለ። ኡቡንቱ ከተወለደ ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 2021 ድረስ የእያንዳንዱ ተጠቃሚ የቤት ማኅደር ሲፈጠር ለሌሎች የንባብና የማለፍ ፈቃድ እየተሰጠው ነበር። በአንድ አዳራሽ አንድ ማሽን ለሚጋሩ አምስት ሰዎች ይህ ማለት አንዱ የሌላውን ማየት ይችላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በሚተከሉት ማሽኖች ላይ ተዘግቷል፤ ቀድሞ የተፈጠረው ግን ሰው ካልዘጋው በስተቀር እንዳለ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምደርስበት ሐሳብ ለማኅበሮቻችንና ለአጥቢያዎቻችን የሚሆን ነው። የማኅበር ሰነድ በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በቡድን ስም ይቀመጥ፤ ያ መካከለኛ መደብ የተፈጠረው ለዚህ ነው። የይለፍ ቃሉ እንደ ዕቃ ቤቱ ቁልፍ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰዎች እጅ፣ በታሸገ ፖስታም ይኑር። በዲስኩ ላይ የሊኑክስ መሆኑና በዊንዶውስ ባዶ መስሎ እንደሚታይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተጽፎ ይለጠፍ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ በወረቀት ተዘርዝሮ ከዲስኩ ጋር ይታሰር። ከሁሉ በላይ ማን ምን ያንብብ የሚለው በሕይወት ያሉ ሰዎች ተቀምጠው የሚወስኑት፣ በቃለ ጉባኤ የሚሰፍር ጉዳይ ይሁን።

መሥራቾቹ በየዓመቱ እየተለዩን ነው። የጻፉት ነገር በየጓዳው፣ በየምድር ቤቱ፣ በየጫማ ሣጥኑ ውስጥ በተቀመጡ ዲስኮች ላይ አለ። ማኅበራት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያቸው ይህን አንድ አጀንዳ አድርገው ቢይዙት፣ ዲስኩም ሰውየውም ሳያልፉ ጥቂት ገጾችን ለማትረፍ ገና ጊዜ አለ።